የአስታማሚ ዕረፍት በአሜሪካ፦ ገንዘቡ እንዴት መጣ? በየትኛውስ በር ይገኛል?

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በአገር ቤት ማስታመም የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ አያውቅም። አንዷ ልጅ ሌሊቱን ካደረች ሌላይቱ ጧት ትተካታለች። ጎረቤት ቡና አፍልታ ትመጣለች፤ የእህት ልጅ ከገጠር ይጠራል። በሽተኛው ሆስፒታል የተኛ እንደሆነም ዘመድ በየተራ ስንቅ ያመላልሳል፣ አጠገቡም ያድራል። ይህን ሁሉ «የአስታማሚ ዕረፍት» ብሎ የሰየመው የለም። ስም ያላስፈለገው በየቤቱ ስለነበረ ነው።

በአሜሪካን አገር ግን ሃምሳው ሎሚ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ያርፋል። ወንድም በሌላ ስቴት ይኖራል፣ እህት ሁለት ሥራ ትሠራለች፣ ጎረቤት በስም አይታወቅም። ስትሮክ የመታት እናት ወይም የመርሳት በሽታ የያዘው አባት ከአንዲት ልጅ ጋር ይቀራል። ልጅቱ ቀን ሥራ ውላ ሌሊት ታስታምማለች። ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ እሷም ደም ግፊት ይይዛታል፣ ከሥራ ትቀራለች፣ በመጨረሻም ሥራውን ትለቃለች። እርዳታ እንዳትጠይቅ ደግሞ «እናቷን ለባዕድ ሰጠች» የሚለው ሐሜት ያስፈራታል።

ይህ የኢትዮጵያውያን ብቻ ችግር አይደለም። በ2025 የወጣ ጥናት በአሜሪካ ዘመዳቸውን የሚያስታምሙ ሰዎች ቁጥር 63 ሚሊዮን መድረሱን ገልጿል። ለእነዚህ ሰዎች ለጥቂት ሰዓት ወይም ለጥቂት ቀን ተተኪ ሰው የማቅረቡ አገልግሎት በእንግሊዝኛ «ሬስፒት ኬር» ይባላል። መንግሥት ለዚህ የመደበው ገንዘብ አለ። ነገር ግን ገንዘቡ በአንድ ቢሮ አልተቀመጠም፤ በየዘመኑ በወጡ ሕጎች ተበታትኖ ይገኛል። እያንዳንዱ ሕግ የራሱ በር አለው፣ በሩም የሚከፈተው ሕጉ ለወጣላቸው ሰዎች ነው። ስለዚህ ታሪኩን ያወቀ የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለበት ያውቃል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁሉም ነገር የተጀመረበት 1965

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ጁላይ 30 ቀን 1965 ወደ ኢንዲፔንደንስ፣ ሚዙሪ ተጉዘው፣ አረጋዊው የቀድሞ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ባሉበት ሜዲኬርንና ሜዲኬድን ያቋቋመውን ሕግ ፈረሙ። ሜዲኬር ለአረጋውያን፣ ሜዲኬድ ደግሞ ለድሆች የሕክምና መድን ሆኑ። ሁለቱም ትልቅ እርምጃ ነበሩ። ሆኖም ቤት ውስጥ የምታስታምመዋን ልጅ ወይም ሚስት ያሰበ አልነበረም። ሜዲኬር የሚከፍለው ለሐኪምና ለሆስፒታል እንጂ ለማጠብ፣ ለማብላትና ለመጠበቅ አልነበረም። ሜዲኬድ ደግሞ ለነርሲንግ ሆም መክፈልን በስቴቶች ላይ ግዴታ ሲያደርግ፣ በቤት ውስጥ የሚሰጠውን የዕለት ተዕለት እርዳታ ለየስቴቱ ፈቃድ ተወው። ውጤቱም ግልጽ ነበር። እናቱን ነርሲንግ ሆም ላስገባ ቤተሰብ መንግሥት ይከፍልለታል፣ በቤቱ ለያዛት ግን ሁሉን በራሱ ቻለው ይባላል።

በዚያው ወር፣ ጁላይ 14፣ ሌላ ሕግ ተፈርሞ ነበር። «ኦልደር አሜሪካንስ አክት» የተባለው ይህ ሕግ ብዙ ወሬ ባይነሣለትም ዛሬ ለአስታማሚዎች ዋነኛ በር የሆነው እሱ ነው። በ1973 በተደረገለት ማሻሻያ በየአካባቢው የአረጋውያን ጉዳይ ቢሮዎች ተቋቋሙ። እነዚህ «ኤሪያ ኤጀንሲ ኦን ኤጂንግ» የሚባሉት ቢሮዎች ዛሬ በመላው አሜሪካ ከ600 በላይ ናቸው።

የቻይና ሰፈር ስደተኞች ያሳዩት መንገድ

የውጭ አገር ሰው ሁሉ ልብ ሊለው የሚገባ ታሪክ የተፈጸመው በሳን ፍራንሲስኮ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቻይና ሰፈርና በአጠገቡ ባለው ኖርዝ ቢች ይኖሩ የነበሩ የቻይና፣ የጣሊያንና የፊሊፒንስ ተወላጅ ቤተሰቦች ወላጆቻቸው እያረጁባቸው ነበር። በአካባቢው ነርሲንግ ሆም አልነበረም። ቢኖርም እንኳ ልጆቹ አባትና እናታቸውን ቋንቋቸው ወደማይሰማበት፣ ምግባቸው ወደማይቀርብበት ቤት መላክን እንደ ነውር ያዩት ነበር። ዊልያም ጊ የተባለ የጥርስ ሐኪምና ማሪ ሉዊዝ አንሳክ የተባለች የስዊዘርላንድ ተወላጅ ሶሻል ወርከር ከሌሎች ጋር ሆነው «ኦን ሎክ» የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ትርጉሙ በካንቶን ቋንቋ የሰላምና የደስታ መኖሪያ እንደማለት ነው።

በመጀመሪያ ነርሲንግ ሆም ለመሥራት አስበው ነበር። ዋጋው ከበዳቸው፤ ለሰዎቹም ባህል እንደማይስማማ ተረዱ። ስለዚህ በ1973 የቀን መዋያ ማዕከል ከፈቱ። አረጋውያኑ ጧት በመኪና ይወሰዳሉ፣ ቀኑን ሐኪምና ነርስ ባለበት፣ የሚያውቁት ምግብና ቋንቋ ባለበት ይውላሉ፣ ማታ ወደ ልጆቻቸው ይመለሳሉ። ልጆቹም ሥራቸውን ሳይለቁ ወላጆቻቸውን በቤታቸው ለማኖር ቻሉ። ይህ አሠራር በ1997 በወጣ ሕግ የሜዲኬርና የሜዲኬድ ቋሚ አካል ሆነና ዛሬ «ፔስ» በሚል ስም በብዙ ስቴቶች ይሠራል። ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የነርሲንግ ሆም ደረጃ እንክብካቤ የሚያስፈልጋቸው፣ ነገር ግን በፕሮግራሙ እየተረዱ ያለ ስጋት በቤታቸው ለመኖር የሚችሉ ሰዎች ፕሮግራሙ በሚያገለግልበት አካባቢ ካሉ ሊገቡበት ይችላሉ። የትልቁ ፕሮግራም መነሻ ወላጆቻቸውን አሳልፈው መስጠት ያልፈለጉ የአንድ ሰፈር ስደተኞች ነበሩ።

የኬቲ ቤኬት ነገር

በ1978 በሲዳር ራፒድስ፣ አዮዋ ኬቲ ቤኬት የተባለች ሕፃን ተወለደች። ገና ዓመት ሳይሞላት የአንጎል ብግነት ያዛትና በመተንፈሻ መሣሪያ የምትኖር ሆነች። የቤተሰቡ የመድን ገንዘብ ሲያልቅ ሜዲኬድ ተተካ። ይሁን እንጂ ደንቡ እንግዳ ነበር። ልጅቱ ሆስፒታል እስከተኛች ድረስ የወላጆቿ ገቢ አይቆጠርም፣ ወደ ቤት የወጣች ዕለት ግን ይቆጠርና ሜዲኬድ ይቋረጣል። ሐኪሞቿ ቤቷ ብትሆን ይሻላታል እያሉ ሕፃኗ ሆስፒታል ውስጥ አደገች።

እናቷ ጁሊ ቤኬት ዝም አላሉም። ነገሩ በአዮዋው የኮንግሬስ አባል በቶም ታውክ በኩል ለምክትል ፕሬዚዳንት ቡሽ፣ ከዚያም ለፕሬዚዳንት ሬገን ደረሰ። ሬገን በኖቬምበር 1981 ለጋዜጠኞች ሲናገሩ፣ ከቤት ስድስት እጥፍ ከፍሎ ሆስፒታል የሚያስቀምጥ ደንብ ምን ዓይነት ደንብ ነው ብለው ጠየቁ። ኬቲ ከገና በፊት ቤቷ ገባች፤ በ34 ዓመቷ፣ በ2012 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስም ለአካል ጉዳተኞች መብት የምትከራከር ሴት ሆና ኖረች።

በዚያው በ1981 በኦገስት ወር ኮንግሬስ ያወጣው የበጀት ሕግ ስቴቶች ከነርሲንግ ሆም ደንብ ውጪ በቤትና በአካባቢ ለሚሰጥ አገልግሎት ሜዲኬድን እንዲጠቀሙ ፈቀደላቸው። ይህ ፈቃድ «ዌይቨር» ይባላል። ሕጉ ከዘረዘራቸው አገልግሎቶች አንዱ ሬስፒት ኬር ነበር። በፌዴራል ሜዲኬድ የአስታማሚ ዕረፍት በስም ተጽፎ ገንዘብ የተመደበለት በዚህ መንገድ ነው። በ2013 ሜዲኬድ ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ ከሚያወጣው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሆነው ለነርሲንግ ሆምና ለመሳሰሉት ሳይሆን ለቤትና ለአካባቢ አገልግሎት ነበር። ግን አንድ ነገር አልተለወጠም። ነርሲንግ ሆም መብት ነው፤ ዌይቨር የስቴቱ ፈቃድ ነው። ስቴቱ የሰዎችን ቁጥር ይወስናል። ከቁጥሩ በላይ የሆነው ወረፋ ይጠብቃል፤ በመላው አገር ወረፋው ላይ ያሉት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ ነገሩ ሳይብስ በጊዜ መመዝገብ ይበጃል።

የአምስት ቀን ፋታ፣ የጠፉትም 80 ሰዓታት

በ1982 የወጣ ሕግ ሌላ በር ከፈተ። ከኖቬምበር 1983 ጀምሮ ሜዲኬር ሐኪሞች ከስድስት ወር በላይ አይቆይም ብለው ለገመቱት በሽተኛ የሆስፒስ አገልግሎት ይከፍላል። በዚህ ውስጥ አስታማሚው እንዲያርፍ በሽተኛው በአንድ ጊዜ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን በተፈቀደ ተቋም ሊቆይ ይችላል። በሽተኛው የሚከፍለው ቢበዛ አምስት በመቶ ነው። ሆስፒስ የገባ ዘመድ ያላቸው ብዙ ቤተሰቦች ይህን ሳያውቁ ያልፋሉ፤ ነርሷን መጠየቅ ብቻ ይበቃ ነበር።

ከሁሉ የሚያስቆጨው ግን የ1988ቱ ታሪክ ነው። ሬገን ጁላይ 1 ቀን 1988 የፈረሙት የሜዲኬር ማስፋፊያ ሕግ፣ ከብዙ ነገሮች ጋር፣ ሌት ተቀን ረዳት የሚያስፈልጋቸው አረጋውያን አስታማሚዎች በዓመት እስከ 80 ሰዓት ተተኪ እንዲያገኙ ፈቅዶ ነበር። ነገር ግን ወጪውን ራሳቸው አረጋውያኑ እንዲሸፍኑ ሕጉ ስላዘዘ፣ ሻል ያለ ገቢ ያላቸው በ1989 እስከ 800 ዶላር ተጨማሪ ግብር ሊከፍሉ ሆነ። ቁጣው ገነፈለ። በኦገስት 1989 በሺካጎ የኮንግሬሱ የግብር ኮሚቴ ሊቀ መንበር ዳን ሮስተንካውስኪ በአረጋውያን ተከበቡ፣ መኪናቸውም መንገድ ተዘጋባት። በዲሴምበር 1989 ሕጉ ተሻረ። ሰማንያው ሰዓት ሥራ ላይ ሊውል የታሰበው በጃንዋሪ 1990 ነበርና አንድም አስታማሚ ሳያርፍበት ቀረ። በዚያ ጩኸት መካከል የአስታማሚዎቹ ድምፅ አልተሰማም፤ በሽተኛቸውን ጥለው ሰልፍ የሚወጡበት ጊዜም አልነበራቸውም።

ከ2000 ወዲህ፦ አስታማሚው ራሱ ተገልጋይ ሲሆን

በፌብሩዋሪ 1993 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ፣ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉት መሥሪያ ቤት ቢያንስ አንድ ዓመት ሆኗቸው ባለፉት 12 ወራት 1,250 ሰዓት የሠሩ ሰዎች ወላጅ፣ ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ለማስታመም በዓመት 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ እንዲቀሩ፣ ሥራቸው ግን እንዲጠበቅላቸው አዘዘ። ደመወዝ ስለሌለው ለብዙ ስደተኛ በቂ አልሆነም። ካሊፎርኒያ በ2002 ሕግ አውጥታ በ2004 የመጀመሪያውን ከፊል ክፍያ ያለው ፈቃድ ጀመረች። ዋሽንግተን ስቴትና ዋሽንግተን ዲሲን ጨምሮ ሌሎችም በኋላ ተከተሏት።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ኖቬምበር 13 ቀን 2000 ነው። የ1965ቱ የአረጋውያን ሕግ ተሻሻለና «ናሽናል ፋሚሊ ኬርጊቨር ሰፖርት ፕሮግራም» ተቋቋመ። በመጀመሪያው ዓመት 125 ሚሊዮን ዶላር ተመደበለት። እስከዚያ ድረስ ሕጎቹ የሚያዩት በሽተኛውን ነበር፤ ይህ ግን አስታማሚውን ራሱን ተገልጋይ አደረገው። ዕድሜው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነን ሰው፣ ወይም በማናቸውም ዕድሜ የመርሳት በሽታ የያዘውን ሰው የሚያስታምም አዋቂ ሁሉ ምክር፣ ሥልጠናና ሬስፒት ለመጠየቅ ይችላል። የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ 55 ዓመት የሞላቸው አያቶችም ይገቡበታል። እንደ ሜዲኬድ በገቢ ጣሪያ ሰው አይመልስም፤ ይበልጥ የተቸገሩት ግን ቅድሚያ ያገኛሉ። ገንዘቡ ውሱን ስለሆነ የሚሰጠው ሰዓት ጥቂት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም በሳምንት ጥቂት ሰዓት ማለት እንቅልፍ፣ የሐኪም ቀጠሮ ወይም ቅዳሴ ማለት ነው።

ዕድሜንና የበሽታን ዓይነት ሳይለይ ሁሉንም አስታማሚ ለመርዳት የታሰበው ሐሳብ ከኦሪገን መጣ። ኦሪገን በ1997 የመጀመሪያውን «ላይፍስፓን ሬስፒት» ፕሮግራም አቋቋመች። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ በዲሴምበር 2006 በዚያው ስም የፌዴራል ሕግ ፈረሙ። ሕጉ በአምስት ዓመት ወደ 289 ሚሊዮን ዶላር እንዲወጣ ፈቀደ። ኮንግሬስ ግን እስከ 2009 ድረስ ምንም ሳይመድብ ቆይቶ በዚያ ዓመት የሰጠው 2.5 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ሕግ መውጣቱ አንድ ነገር፣ ገንዘብ መመደቡ ሌላ ነገር መሆኑን ይህ ያስረዳል። ያም ሆኖ በዚህ ገንዘብ የተጀመሩት የስቴት ማስተባበሪያዎች በብዙ ቦታ «ቫውቸር» ይሰጣሉ። ቫውቸር ማለት ቤተሰቡ ተተኪውን ራሱ መርጦ የሚቀጥርበት ገንዘብ ነው። አማርኛ ለምትናገርና ሹሮ መሥራት ለምታውቅ ሴት ለመክፈል ያስችላልና ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በተለይ ሊጠይቁት ይገባል።

ከዚያ በኋላ ሁለት በሮች ተጨምረዋል። በአሜሪካ ጦር ያገለገለና የቬተራንስ ሕክምና የሚያገኝ ሰው አስታማሚ፣ ሁኔታው ሲፈቅድ፣ በዓመት እስከ 30 ቀን ሬስፒት ሊያገኝ ይችላል። ከጁላይ 2024 ጀምሮ ደግሞ ሜዲኬር «ጋይድ» በሚባል ፕሮግራም፣ የመርሳት በሽታቸው መካከለኛ ወይም ከባድ ደረጃ ለደረሰ ሰዎች አስታማሚዎች በዓመት እስከ 2,500 ዶላር የሚደርስ ሬስፒት ይከፍላል። ሰውየው በመደበኛው ሜዲኬር እንጂ በግል ኩባንያ በሚሰጠው «አድቫንቴጅ» ውስጥ መሆን የለበትም፤ ሐኪሙም በፕሮግራሙ የተመዘገበ መሆን አለበት። ሰማንያው ሰዓት ከጠፋ 35 ዓመት በኋላ፣ ከሆስፒስ ውጪ ያሉ አስታማሚዎች በሜዲኬር ያገኙት ዕረፍት ይህ ነው።

ኢትዮጵያውያን በዚህ ታሪክ ውስጥ

ፕሬዚዳንት ካርተር በማርች 1980 የስደተኞችን ሕግ ከፈረሙ በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሱዳን መጠለያዎች ወደ አሜሪካ መጡ። ያኔ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ዛሬ ሰባዎቹን አልፏል። ሌሎች ደግሞ ዜግነት ካገኙ በኋላ ወላጆቻቸውን አስመጥተዋል። በየነርሲንግ ሆሙና በየሰው ቤት የሌላውን እናት እየተንከባከቡ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያትም ጥቂት አይደሉም። ቤታቸው ሲገቡ የራሳቸው እናት ትጠብቃቸዋለች።

በኦገስት 1996 የወጣው የዌልፌር ሕግ ከዚያ ወዲህ በአረንጓዴ ካርድ የመጡ ብዙ ሰዎች ሜዲኬድ ለማግኘት አምስት ዓመት እንዲጠብቁ አደረገ። በስደተኝነት የመጡትን ግን ከዚህ ነጻ አድርጓቸው ነበር። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ይህን አጠበበው፤ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ገና አረንጓዴ ካርድ ያላገኙ ስደተኞችና ጥገኝነት የተሰጣቸው ሰዎች በአብዛኛው ከፌዴራል ሜዲኬድ እንዲወጡ ይደነግጋል። አንዳንድ ስቴቶች በራሳቸው ገንዘብ ክፍተቱን ስለሚሸፍኑ የሚኖሩበትን ስቴት ደንብ መጠየቅ ያስፈልጋል። የ2000ው የአስታማሚዎች ፕሮግራም ከሜዲኬድ የተለየ ስለሆነ ከአንዱ በር የተመለሰ ሰው ሌላውን ሳያንኳኳ ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ቋንቋን በተመለከተም የዋሽንግተን ዲሲ የ2004 የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከተሸፈኑት ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። በሌላ ቦታም ቢሆን ስልክ ሲደወል «አማርኛ» ብሎ አስተርጓሚ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

በሮቹ በአጭሩ

አረጋዊ ለሚያስታምሙ፦ «ኤልደርኬር ሎኬተር» በ1991 የተቋቋመ የመንግሥት የስልክ አገልግሎት ነው። ቁጥሩ 1-800-677-1116 ነው። ዚፕ ኮድ ሲነገራቸው የአካባቢውን የአረጋውያን ቢሮ ይሰጣሉ። እዚያም «ፋሚሊ ኬርጊቨር ሬስፒት» ብሎ በስሙ መጠየቅ ነው። ዝም ብሎ እርዳታ የጠየቀ ሰው ወደ ምግብ አዳይ ሊመራ ይችላል።

የመርሳት በሽታ ላለበት፦ ሐኪሙን ስለ «ጋይድ» መጠየቅ፤ የአልዛይመርስ ማኅበርም በ1-800-272-3900 ሌት ተቀን በአስተርጓሚ ያነጋግራል።

ሜዲኬድ ላለው አረጋዊ ወይም አካል ጉዳተኛ ልጅ፦ የስቴቱን ሜዲኬድ ቢሮ ስለ «ዌይቨር» መጠየቅ፤ ወረፋ ካለ በዚያው ዕለት መመዝገብና የተመዘገቡበትን ወረቀት መያዝ። ዕድሜው ከ55 በላይ ለሆነ ደግሞ በአካባቢው «ፔስ» መኖሩን ማጣራት።

ሆስፒስ ለገባ፦ ነርሷን ወይም ሶሻል ወርከሯን የአምስቱን ቀን ሬስፒት መጠየቅ።

የጦር ሠራዊት አባል ለነበረ፦ የቬተራንስ አስታማሚዎች መስመር 1-855-260-3274 ነው።

ከእነዚህ በሮች አንዱም ራሱን ችሎ አልተከፈተም። አንዱን የአዮዋ እናት፣ ሌላውን የቻይና ሰፈር ልጆች አንኳኩተው ከፈቱት። ሰማንያው ሰዓት ግን የሚከራከርለት ጠፍቶ በነነ። እድሮችና የኮሚዩኒቲ ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ለለቅሶ የሚያዋጡትን ያህል፣ በሽተኛው በሕይወት ሳለ እነዚህን ስልኮች ከአስታማሚዋ ጋር ቁጭ ብሎ የሚደውል አንድ ሰው ቢመድቡ ወጪው የጥቂት ሰዓት ጊዜ ብቻ ነው። ለሳምንት አራት ሰዓት ተተኪ ያገኘች ልጅ እናቷን ለባዕድ አልሰጠችም፤ በአገር ቤት የነበረውን ተራ መልሳ አገኘች እንጂ።